የወንድሜ ዓይንና ኮምጣጣው ጠብታ፦ ከወገዳ እስከ ንፋስ መውጫ

ከሁሉ አስቀድሞ የተበደልነው ነገር ይጻፍልኝ። በስማዳ፣ ከወገዳ ወዲህ፣ በእኛ አጥቢያ አጠገብ በተከፈተችው ትንሽ የሕክምና ቤት፣ በሐኪም ቦታ መድኃኒት የሚሰጠው ድሬሰር ተራ በሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት የወንድሜን ዓይን በሽፋኑ ላይ በጣቱ ጫን ጫን አደረገና፣ «ይኼ ዓይን አሁንም ድንጋይ ነው። ከሰጠኋችሁ መድኃኒት አንድ ጠብታ እንኳ አልገባበትም። ጾም ነው ብላችሁ ደፍታችሁታል። ከእንግዲህ ለሚጠቀምበት ሰው እሰጣለሁ እንጂ ለእናንተ አልሰጥም» አለን። እኔ «ጠዋትም ማታም በገዛ እጄ ጨምሬለታለሁ» ብለው፣ «አንቺ አሮጊት፣ ዝም በይ። ጣቴ አይዋሽም» አለኝና የሚቀጥለውን ሰው ጠራ።

በዕድሜዬ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ ስድብ ከጆሮ አያልፍም። ውሸታም ተብሎ መውጣት ግን ሌላ ነው። ያውም ልጆቼንና የልጅ ልጆቼን በሚያውቅ ሰው ፊት፣ ያውም ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ በትሩን እየዳበሰ።

ወንድሜ የኔታ ክንፈ የድጓ መምህር ነው። አንዱ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። የቀረው አንዱ ፊት ለፊቱ ያለውን ያያል፤ ግራ ቀኙን ግን ጨለማ ውጦታል፣ በሸምበቆ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው። ድጓን የማያውቅ ሰው ቢያነበኝ፣ ድጓ ማለት ከፊደሉ በላይ ትንኝ ትንኝ የሚያህሉ የዜማ ምልክቶች የተጻፉበት መጽሐፍ ነው። ወንድሜ ዜማውን በቃሉ ያውቀዋል። «ግን እትዬ፣ የልጆቹን መጽሐፍ ማን ያርማል? የተሳሳተ ምልክት ካለፈኝ እኮ ስሕተቱ ከእኔ በኋላም ሲዜም ይኖራል» ይለኛል። ፍርሃቱ ይኼ ነበር። የእኔም ፍርሃት እሱው ነበር።

አባታችን ሁለታችንንም ፊደል አስቆጥሮናል። እኔ ዳዊት እስክደግም ተማርኩና ወደ ጓዳ ተመለስኩ፤ እሱ ቀጠለ። ስለዚህ ጽሕፈቴ የቤተ ክህነት አይደለም። የምጽፈውም ጋይንትን አይተው ለማያውቁ፣ ወደፊትም ለማያዩ ጎረቤቶቼ ነው።

ሰኞ ማለዳ ተነሳን፣ የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ። በንፋስ መውጫ የዓይን ሐኪም ከአዲስ አበባ መጥቶ ለጥቂት ጊዜ ይቀመጣል የሚለውን ወሬ ያመጣልን ደሴ የሚባል የእስቴ ሰው ነው። ደሴ ባቄላና ሽምብራ እየገዛ ከእስቴ ስማዳ፣ ከስማዳ ጋይንት የሚዞር ነጋዴ ነው። በቅሎውን ለወንድሜ ለቀቀለትና ራሱ ከአህዮቹ ኋላ በእግሩ ሄደ። ኪራዩን ብጠይቀው፣ «ለየኔታ በቅሎ አላከራይም። ለእርስዎ ቢሆን ኖሮ ግን በምላስዎ ርዝመት ልክ አስከፍል ነበር» አለኝ።

«ያንንስ መክፈል አትችልም፣ በቅሎህን ሸጠህ መልስ ትሰጠኛለህ» አልኩት።

ከመነሳታችን በፊት በብልቃጡ ሥር ከተረፈችው መድኃኒት ለወንድሜ ጨመርኩለት፤ ሁለት ጠብታ፣ ድሬሰሩ እንዳዘዘው። እንደ ወትሮው አቃጠለው። እንባው ጉንጩን አልፎ ጢሙን አራሰው። መድኃኒቱ ከዓይን ተነስቶ በአፍንጫ አድርጎ ጉሮሮ ላይ ይመርራል፤ ወንድሜ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምስ ጿሚ ነው። ስለዚህ መራራው ወደ ውስጥ ሳይወርድ ወደ ውጭ ይፍሰስ ብሎ፣ ጨምሬለት ሳበቃ ወዲያው ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይሰግዳል። ግንባሩ መሬት ሲነካ እንባው አፈር ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እኛም ያንን እንባ በሽታው መውጣቱ ነው እንል ነበር። የሚያቃጥል መድኃኒት ያድናል ተብለን ነው ያደግነው።

መንገዱ የድንጋይ ነው። የእኛ ጥቁር አፈር እግር ይይዛል እንጂ አይወጋም፤ ወደ ጋይንት ሲሄዱ ግን ጠጠሩ በጫማ ውስጥ ይገባል። ገደሉን ወርደን ወንዙ ጋ ስንደርስ በቅሎዋ ውሃ ጠጣችና አሸዋው ስለሞቃት ነው መሰለኝ፣ የኔታን እንደተሸከመች ተንበርክካ ጋደም አለች። ወንድሜ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ወረደ ከማለት ፈሰሰ ማለት ይቀላል። ጥምጥሙ ውሃ ውስጥ ገባ። ደሴ ሊስቅ ፈልጎ አፉን በእጁ ያዘ።

«ሳቅ ልጄ» አለው ወንድሜ፣ ራሱን እየዳበሰ፤ «በቅሎህ ስግደት ማወቋን አልነገርከኝም።»

ማታ ያደርነው በመንገድ ዳር ካለ የገበሬ ቤት ነው። የእግዜር እንግዳ ነን ስንል የቤቱ እመቤት አለምነሽ ማን ናችሁ፣ ከየት ናችሁ ሳትል ውሃ አሙቃ የሦስታችንንም እግር አጠበች። በእኛም አገር እንግዳ እግሩ ይታጠባል፤ እሷ ግን በእግሬ ላይ ጠጠር የገባበትን ቁስል አይታ በኑግ ዘይት አሸችልኝ። የረጠበውን ጥምጥም አጥባ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው፤ እስኪደርቅም ባሏ የራሱን ነጭ ነጠላ አምጥቶ በወንድሜ ራስ ላይ በገዛ እጁ ጠመጠመለት። ቄስ ራሱን ባዶ አድርጎ እንዳይቀመጥ ማሰቡ ነው። ለዚያ ሰው ዛሬም እጸልያለሁ።

እራት የገብስ እንጀራ በስልጆ ነበር። ከእኛ ዘንድ ስልጆ ይሠራል፤ የአለምነሽ ግን ሰናፍጩ የበዛ ነው። ገና አንዱን ጉርሻ ስንውጥ ሁላችንም እንባችን ዱብ ዱብ አለ።

«ስልጆ አላስለቅስ ካለ ሽሮ በሉት» አለች እየሳቀች።

«እንዲህ ሆኖ እስከ ፋሲካ ይቆይልሻል?»

«ኮምጥጧል እኮ እማማ። ኮምጣጣ ነገር መች ይበላሻል? ያልኮመጠጠ ቢሆን በነጋታው ይሻግት ነበር።»

ስንነሳ ጥምጥሙ ስላልደረቀ ወንድሜ ነጠላውን እንደጠመጠመ ሄደ፤ እሷም ስልጆ በትንሽ ቅል ሞልታ ለስንቅ ሰጠችን። ያ ቅል ኋላ ምን እንደሚሠራልኝ ያን ጊዜ ማን ያውቃል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የድጓ ትምህርት ቤቱ ካለበት ከቤተ ልሔም ደረስን። ገና ደጁ ሳይታይ የድጓው ድምፅ ይሰማል፤ በእኛ አገር ንብ ቀፎ ስትገባ እንደምታሰማው ያለ፣ ወፍራምና የማያቋርጥ። ወንድሜ የተማረው እዚህ ነው። በቅሎዋ ላይ ሆኖ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከቅጥሩ ሳንደርስ እሱም አብሮ ያዜም ነበር።

የድሮ መምህሩ በሕይወት አሉ። በጣም አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን እንደ ጭልፊት ነው። ወንድሜ ጉልበታቸውን ከተሳለመ በኋላ ራሱን ይዘው ብዙ አዩት። ከዚያ አንድ ደቀ መዝሙር የራሱን ድጓ አምጥቶ፣ «የኔታ፣ እስቲ ይዩልኝ» አለው። ወንድሜ መጽሐፉን ወደ ብርሃን ወሰደ፤ እህል እንደምታይ ዶሮ ራሱን ወዲህና ወዲያ እያዘነበለ ፈለገ። አንድ ምልክት አረመ። ልጁ አመሰገነ። ከወንድሜ ጣት ወዲህ፣ በዳር በኩል፣ ሌላ የተሳሳተ ምልክት ነበር። ልጁ አየው፤ መምህሩም አዩት። ሁለቱም ዝም አሉ። እኔ ምልክት አላውቅም፤ ዝምታቸውን ግን አየሁት። ያን ዝምታ በመንገዱ ሁሉ ተሸክሜው ሄድኩ።

የማታውን ጠብታ ስጨምርለት ወንድሜ እንደ ልማዱ ሰገደ። መምህሩ ከመደባቸው ሆነው እያዩ፣ «ክንፈ፣ የምታክመው ዓይንህን ነው ወይስ መሬቱን?» አሉት። ደቀ መዛሙርቱ በነጠላቸው ሥር ሳቁ።

«አባቴ፣ ጉሮሮዬ ላይ ይመርረኛል። ጠዋት ጠዋት ጾሜን እንዳይፈታብኝ ነው። አሁን ማታ ቢሆንም ልማድ ሆነብኝ።»

«ለመድኃኒት የገባ ምግብ አይሆንም። ጾሙን እኔ እይዝልሃለሁ፤ አንተ ዓይንህን ያዝ።»

ወንድሜ እሺ አለ። ግትርነት ግን በቤታችን ዘር ነው፤ በማግስቱም ሰገደ።

ለመኝታ የደቀ መዛሙርቱን ጎጆ ለቀቁልን። እነሱ ያን ዕለት የለመኑትን ቁራሽ አቅርበው ብሉ አሉን። ከተማሪ አኩፋዳ የወጣ ቁራሽ ስበላ የመጀመሪያዬ ነው። የጤፉም የገብሱም የማሽላውም አንድ ላይ ሆኖ፣ የስንት ቤት እጅ እንደነካው እያሰብኩ በላሁ፤ ጣፈጠኝ።

ረቡዕ ወደ ላይ ጋይንት ወጣን። ዳገቱ ሲበዛ ብርዱም በዚያው ልክ ይበዛል። እኛ ዘንድ በጾሙ ወራት ጥላ ይፈለጋል፤ እዚያ ሰው በእኩለ ቀን ጋቢ ደርቦ ፀሐይ ይሞቃል። ማሳው ገብስና ስንዴ ታጭዶበት ገለባው ብቻ ቀርቷል። ከተማዋ አፋፍ ላይ ስንደርስ የንፋስ መውጫ ንፋስ ጃንጥላዬን ከእጄ ነጠቀኝ። ገልብጦት እንደ ቁራ አበረረው። ደሴ አህዮቹን ጥሎ ሮጠ፤ ከአንድ የእሾህ አጥር ላይ አወረደልኝ። ሁለት ዘንጉ ተሰብሯል።

«እማማ፣ ይኼ ንፋስ ከእርስዎ ጋር ይመሳሰላል» አለኝ፤ «ሲነሳ የያዘውን አይለቅም።»

ያረፍነው ደሴ በሚያውቃቸው በአንድ ሸማኔ ቤት ነው። ሸማኔው በእንግድነታችን አንድ ቀን ሥራውን አቆመ፤ የሽመና ዕቃው የነበረበትን ሙቅ ጥግ ለወንድሜ አነጠፈለት። ገና ሠርቶ ለገበያ ያልወሰደውን ጋቢም አለበሰው። «ከገዢ በፊት ቄስ ይልበሰው፤ ይባረክልኛል» አለ። እኔ ሰው ሲያደላ አልወድም፤ እንዲህ ያለውን ማድላት ግን ወደድኩት።

ሐሙስ ከማለዳው ጀምረን ከሐኪሙ ደጅ ተቀመጥን። ሕዝቡ ብዙ ነበር። ፀሐይ ከፍ ስትል አንድ ጥሩ ካባ የለበሰ ሰው ከአሽከሩ ጋር መጣና ሁላችንንም አልፎ ወደ በሩ ሄደ። ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አንቱ ማን ነዎት?» አለኝ።

«ከእርስዎ በፊት የመጣሁ።»

«የማን ወገን ነኝ መሰለዎት?»

«የዓይን በሽተኛ ይመስሉኛል። ዓይን በማዕረግ አይታመምም። ይኸው ከዚያች ልጅ ካዘለች እናት ቀጥሎ ቦታ አለ።»

ሰውየው ወንድሜን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ከልቡ ሳቀና ሄዶ ተቀመጠ። ይኼም ምስጋና ይገባዋል፤ ሌላ ቢሆን አሽከሩን ያዝብኝ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ያገራችን ልጅ። አንድ ነገር ጨምሮ ዓይኑን ካደነዘዘው በኋላ፣ ሚዛን የመሰለች ትንሽ ብረት በብሌኑ ላይ አቁሞ ለካው። «ግፊቱ ከፍ ያለ ነው። መድኃኒት አልተሰጣቸውም?» አለ።

«ልጄ፣ መድኃኒት ሳትሰጠን በፊት ፍርድ ስጠን» አልኩት፤ የደረሰብንን ሁሉ ነገርኩት።

«እማማ፣ እኔ ሐኪም እንጂ ዳኛ አይደለሁም።»

«ጨምረናል ወይስ አልጨመርንም? ይኼን ዳኛ አያውቀውም። የምታውቀው አንተ ነህ።»

ብልቃጡን ተቀብሎ በብርሃን አየው። «እንግዲያው በቤታችሁ እንደምታደርጉት እፊቴ አድርጉ» አለ።

ሁለት ጠብታ ጨመርኩ። ወንድሜ ፊቱን አጨማደደ፤ እንባው ወረደ። ከዚያ ከወንበሩ ተነስቶ ምሥራቅ ወዴት እንደሆነ ጠየቀና በሐኪሙ ክፍል ወለል ላይ ሰገደ። ሐኪሙ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። ምክንያቱን ስንነግረው ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ በሲሚንቶው ላይ የወደቀውን እንባ አየ። ከመሳቢያው ሰማያዊ ወረቀት አወጣ፣ እንደ ሣር የቀጠነ። አንዷን ከብልቃጡ ጠብታ ቢያስነካት ቀላች።

«ኮምጣጣ ነገር ሲነካት ትቀላለች» አለኝ።

እኔ ሳላይ የማምን ሰው አይደለሁም። «ቆይ» ብዬ የአለምነሽን ቅል ከስንቄ አውጥቼ ከፈትኩ። የስልጆው ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ሐኪሙም ማስነጠስ ጀመረ። ሌላ ወረቀት ስልጆው ውስጥ ብትነከር እሷም ቀላች። ከዚያ «የእኔን እንባ ንካባት» አልኩት፤ ሰናፍጩ እንባ አምጥቶብኝ ነበርና። ከጉንጬ ነካ። ወረቀቷ ሰማያዊ እንደሆነች ቀረች።

«ታዲያ ስልጆ ነው ወንድሜ ዓይን ውስጥ የምጨምረው?»

«ሰናፍጭ የለውም እንጂ ኮምጣጣነቱ አለው» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ። «መድኃኒቱ በፋብሪካ ሲሠራ ሆን ተብሎ እንዲኮመጥጥ ይደረጋል፤ እንዲያ ካልሆነ ሳይቆይ ይበላሻል። ዓይን ግን ኮምጣጣ አይወድም። ሲነካው እንባ ያፈልቃል፤ እንባውም መድኃኒቱን ጠርጎ ይዞት ይወጣል። ሁለት ጠብታ ሲሆን ደግሞ ይባሱን ያጥለቀልቀዋል። የየኔታ ስግደት የቀረውን ደፋው።»

«ጥቂትስ እንኳ አይገባም?»

«የዓይን ፊት ቅባት አለበት። መድኃኒቱ በኮምጣጣ ውስጥ ሳለ ከውሃ ጋር ይስማማል፣ ከቅባት ጋር ግን አይስማማም፤ ስለዚህ በር ላይ ይቆማል። ኮምጣጣነቱ ሲሰበር ከቅባቱ ጋር ይስማማና ይገባል።»

ይኼስ ለእኔ አዲስ አይደለም። «ቅቤ የጠጣ ቆዳ ላይ ውሃ ብታፈስ ይንከባለላል፤ ቅቤ ብትቀባው ይጠጣዋል» አልኩት።

«በትክክል። የእኛ ሥራ እንግዲህ መድኃኒቱን ከበሩ ላይ ማቆየት ነው፤ እንባችን ራሱ በዝግታ ኮምጣጣነቱን እስኪሰብረው።»

ያን ጊዜ ይዤ የቆየሁትን ጥያቄ አወጣሁ። «ኮምጣጣነቱ ማርከሻ ካለው፣ ለምን ለድሃው ኮምጣጣውን ትሰጡታላችሁ? የማያቃጥለው ለማን ነው የሚቀመጠው?»

ሐኪሙ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «ለማንም አይቀመጥም። መቀመጥ አይችልማ። ማርከሻውን ጨምሬ ዛሬ ለስላሳ ባደርገው፣ ፋሲካ ሳይደርስ ኃይሉ ይጠፋል። ባሕር ተሻግሮ፣ በመኪና ተጉዞ፣ በበቅሎ ተጭኖ ስማዳ ድረስ የሚዘልቀው ኮምጣጣው ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያሉት መኳንንትም የሚጨምሩት ይኼንኑ ነው።»

መልሱ ደስ አላሰኘኝም፤ ግን አልዋሸኝም። ለሁሉ እኩል ከሆነ እቀበላለሁ።

ዓርብ ሐኪሙ ማርከሻውን በዚያው ዕለት ቀላቅሎ ጠበቀን። ከለስላሳው አንድ ጠብታ ብቻ ጨመረለት። ዓይኑን አስከድኖ፣ የወንድሜን ጣት ይዞ ከአፍንጫው ወዲህ ባለችው የዓይን ጥግ ላይ አስጫነው። «እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድባት ቀዳዳ እዚህ ናት። እሷን ከዘጉ መድኃኒቱ ዓይን ላይ ይቆያል፤ ጉሮሮም አይደርስም። አቡነ ዘበሰማያትን ደጋግመው ይድገሙ፤ ከዚያ ይልቀቁ። ስግደቱ ከዚያ በኋላ ይሁን» አለው።

ወንድሜ ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ ጣቱ ዓይኑ ጥግ ላይ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ። ጢሙ ደረቅ ነበር። ሲጨርስ ምራቁን ዋጠ።

«እትዬ፣ አይመርም» አለኝ። «ጾሜም ዓይኔም አሉ።» ከዚያ በኋላ ያለቀሰው ማልቀስ የመድኃኒቱ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ በብረቱ ለካውና ወደ እኔ ዞሮ፣ «እስቲ እርስዎ በጣትዎ ይዳስሱት» አለኝ። ሽፋኑን ቀስ ብዬ ጫን አደረግሁት። ከቤት ስንወጣ እንደ ጥሬ ባቄላ ነበር። አሁን ሲያድር የራሰ ባቄላ ሆኗል፤ ጣት ይቀበላል። ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ ሳይሸፋፍን ነገረን። የቀረው ግን በዚህ አያያዝ ሊጠበቅ ይችላል አለ። ለስላሳው ሲያልቅ ኮምጣጣውን እንድንጨምር፣ አንድ ጠብታ ብቻ፣ ጥጉን ጭነን፣ ዓይን ከድነን እንድንቆይ አስጠነቀቀን። ያቃጥላል፤ ቢሆንም ከተያዘ ይሠራል። የማመሰግንበት ባጣ የስልጆውን ቅል ሰጠሁት። ስልጆውን ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጠና ቅሉን አጥቦ መለሰልኝ።

ቅዳሜ ደሴ በገበያው ዋለ፤ እሑድ በንፋስ መውጫ አስቀድሰን ሰኞ ወረድን። በመመለሻችን ቤተ ልሔም ስንደርስ ያ ልጅ ድጓውን ይዞ መጣ። ወንድሜ እንደ በፊቱ ራሱን እያዘነበለ ፈለገ። ዓይኑ አልሰፋም፤ ግን ሐኪሙ እንዳስተማረው መጽሐፉን ራሱን ከዳር እስከ ዳር በቀስታ አሳለፈው። በዳር የነበረችውን ምልክት አገኛት። «ይኼንን ማን ጻፈው?» አለ በቁጣ። ልጁ በደስታ ፊቱ በራ፤ ሲቆጡት እንዲህ ደስ ያለው ተማሪ አይቼ አላውቅም። መምህሩም «ጾምህን መልሼልሃለሁ» አሉት።

የአለምነሽን ቅል ባዶውን አልመለስኩም፤ ከጋይንት ገብስ ያስፈጨሁትን በሶ ሞላሁበት። ለባሏም ነጠላውን አጥቤ መለስኩ። ወንዙ ጋ ደሴ በቅሎዋን ልጓሟን ጨብጦ አሻገራት፤ «ዛሬ ስግደት የለም» እያለ።

ቤቴ በገባሁ ማግስት ወንድሜን ይዤ ወደ ሕክምና ቤቷ ሄድኩ። ተራዬን ጠበቅሁ። በዚያን ቀን ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ ነበሩ። ድሬሰሩ ወንድሜን ሲያየው ፊቱ ጠቆረ፤ ቢሆንም ዓይኑን ዳሰሰ። እንደገና ዳሰሰ።

«አሁን ጨምራችኋል» አለ።

«ያን ጊዜም ጨምረናል።»

«ያን ጊዜማ ድንጋይ ነበር። ጣቴ…»

«ጣትህ አልዋሸም። እኛም አልዋሸንም» አልኩት። «ከዚያ ከመደርደሪያህ ብልቃጥ አውርድና እንደ አዘዝከን ሁለት ጠብታ የራስህ ዓይን ላይ አድርግ።»

ድሬሰሩ ፈሪ አይደለም፤ ይኼን እመሰክርለታለሁ። «ለጥቂት ሰዓት ያደበዝዘኛል እንጂ አይጎዳኝም» አለና ብልቃጡን አወረደ፤ አንጋጦ ሁለት ጠብታ ጨመረ። ወዲያው ጎንበስ አለ። እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ፣ ከአገጩ ላይ ተንጠባጠበ፣ ነጭ ልብሱን አራሰው።

ወደ ሰዉ ዞርኩ። «ፍርድ ስጡ። ድሬሰሩ ጨምሯል ወይስ አልጨመረም?»

«ጨምሯል» አለ አንድ ሽማግሌ፤ «ግን ከዓይኑ ይልቅ ለደረቱ ደርሶታል።» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ድሬሰሩም ሳቀ፤ ሌላ ምን ያድርግ።

እኔ አልሳቅሁም። ቀረብ ብዬ ዓይኑን አስከደንኩት፣ የገዛ ጣቱን ይዤ በዓይኑ ጥግ ላይ አስጫንኩት፤ ኮምጣጣነቱን፣ እንባውን፣ ቅባቱን፣ ሐኪሙ እንደነገረኝ አንድ በአንድ ነገርኩት። ጣቱን ሳያነሳ፣ ዓይኑን እንደከደነ አዳመጠኝ። ሰዉ የሚጠብቀው መልስ እንዳለ ገብቶታል። ሳልጠይቀው፣ ከእሱ ሰምተነው በማናውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ ያውም በሁሉ ፊት፣ እንዲህ አለኝ፦

«ገብቶ ነበር፣ እማማ። እርስዎ ጨምረዋል። ገብቶ ነው የወጣው።»